የአምስት ደቂቃ ዝምታ

ወርቂቱ እንግሊዝኛ የለመደችው ሩንዳ በሚባል የናይሮቢ ሀብታሞች ሰፈር፣ የሰው ወለል እየወለወለች ነው። ለባሏ ግን አልነገረችውም። ዘርይሁን ሚስቱ ከ«የስ ማዳም» እንደማታልፍ የሚያውቀው፣ አልጋቸው በየትኛው ግድግዳ በኩል እንደሆነ በሚያውቀው መጠን ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር ደግሞ ሰው አያጣራም።

ያልነገረችበት ምክንያት ነበራት። ከሦስት ዓመት በፊት ያን ሥራ ስትጀምር ይዟት የሄደው እሱ ነው። የቤቱ እመቤት ማዳም በሩ ላይ ቆማ ሚስቱ ምን እንደምትችል ስትጠይቀው፣ ቤተ ክርስቲያን ሁሉም በሚያደንቅለት እንግሊዝኛ አንድ ነገር መለሰላት፤ ሁለቱም ሳቁ። ወርቂቱም ሲስቁ አየችና አብራ ሳቀች። የተባለው ነገር ባይገባትም ድምፁ ጆሮዋ ውስጥ ቀረ። ከዓመት በኋላ፣ የማዳምን ልጆች ምሳ እያበላች ወሬያቸውን ስትሰማ ከርማ፣ አንድ ቀን ሸሚዝ እየተኮሰች ሳለ ያ ድምፅ ቃል በቃል ተፈታላት።

«ቀስ ብላ ነው የምትማረው። አንዱን ነገር ደጋግመሽ ማሳየት አለብሽ።»

ካውያውን አቆመች። ከተናገረው ይልቅ ያንገበገባት አብራ የሳቀችው ሳቅ ነበር።

ባልና ሚስቱ ከወለጋ ወጥተው፣ በሞያሌ ተሻግረው፣ ካምፕ ከርመው ናይሮቢ ከገቡ አራተኛ ዓመታቸው ነው። የሚኖሩት ሳውዝ ሲ የሚባል ሰፈር፣ ከአንድ ሱማሌ ነጋዴ ግቢ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ዘርይሁን ነቀምቴ አሥር ዓመት የላቦራቶሪ ቴክኒሻን ነበር፤ በማይክሮስኮፕ ያላየው የደም ዓይነት የለም። ናይሮቢ ውስጥ ግን የሥራ ፈቃድ የሌለው ስደተኛ ነውና፣ የሙያ ማስረጃውን በላስቲክ ጠቅልሎ ከፍራሹ ሥር አስቀምጦ፣ ሚስቱ የምታመጣውን ይበላ ነበር። ነገሩ ከውስጥ እንደሚያቃጥለው ወርቂቱ ታውቃለች። ስለምታውቅም ብዙ ነገር ችላው ኖረች።

በፈረንጆች 1996፣ ትልቁ ዝናብ ሊገባ ሲል፣ አንድ እሁድ በስደተኞቹ ቤተ ክርስቲያን ከአምልኮ በኋላ ሽማግሌው ጋሽ ሐብተማርያም አንዲት ወረቀት ይዘው መድረክ ላይ ወጡ። ዌስትላንድስ ውስጥ ያለ አንድ የምርምር ተቋም የወባ ምርመራ የሚያነቡ ሰዎችን ለስምንት ሳምንት ያሠለጥናል። ከስደተኞቹ ሠልጣኞች መጨረሻ ላይ አንድ ሰው ይቀጠራል፤ የሥራ ፈቃዱንም ተቋሙ ራሱ ያወጣለታል።

«አንድ ሰው ብቻ?» አለ ከኋላ የተቀመጠ።

«አንድ ብቻ። ግማሾቹ ላቦራቶሪ የሠሩ፣ ግማሾቹ ደግሞ ማይክሮስኮፕ በዓይናቸው ዓይተው የማያውቁ እንዲሆኑ ይፈልጋሉ።»

የአዳራሹ ዓይን በሙሉ ወደ ዘርይሁን ዞረ። አጠገቡ ያሉት ሰዎች ገና ሳይመዘገብ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። ፖሊስ መንገድ ላይ አስቁሞ «ኪታምቡሊሾ!»፣ መታወቂያ፣ ሲል ከኪስ የሚወጣ ሕጋዊ ወረቀት ማለት ምን ማለት እንደሆነ እዚያ ያልገባው ሰው አልነበረም።

«የሚያውቀውስ ተገኘ» አሉ ጋሽ ሐብተማርያም። «የማያውቅ ማን አለ?»

ዘርይሁን ከመቀመጫው ብድግ አለ። «የማያውቅ ሰው ከሆነ ችግሩ፣ እኔ ቤት አንዷ አለችልዎ!»

አዳራሹ ሳቀ። ሽማግሌውም እየሳቁ «እህት ወርቂቱ፣ በይ እንግዲህ እጅሽን አውጪ» አሉ። ቀልድ ነበር። ወርቂቱ ግን እጇን አወጣች። ዘርይሁን ሳቁን ሳይጨርስ ዞሮ አያት፣ እጇ አልወረደም። ወደ ቤት ሲሄዱ «ሰው ፊት ከምታሳፍሪኝ ብዬ ነው ዝም ያልኩት» አላት። «ደግሞ የትራንስፖርትና የምሳ ይሰጣሉ። ሁለት ሆነን ብንበላላቸው ምን ቸገረኝ።»

ሥልጠናው ከሰዓት በኋላ ነበር። ማዳም እስከ ሰባት ሰዓት ሠርታ እንድትወጣ ፈቀደችላት፤ የጎደለውን በቅዳሜ ልታካክስ። ስለዚህ ወርቂቱ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ትነሳለች፣ ሩንዳ ደርሳ ታጥባለች፣ ትተኩሳለች፣ ትወለውላለች፣ ከዚያ ማታቱ የሚሉትን ሚኒባስ ተጋፍታ ዌስትላንድስ ትደርሳለች። ዘርይሁን ከሳውዝ ሲ ታጥቦ፣ ከራቫቱን አሥሮ፣ ማስረጃውን ይዞ መጥቶ ይጠብቃታል።

በመጀመሪያው ቀን ሁሉም ፕሮፌሰር የሚሉት ባለ ነጭ ጺም ፈረንጅ ፊታቸው ቆሞ ነገሩን አስረዳ። ሁለት ሰው አንድ ሥዕል ፊት ይቀመጣል፤ አንዱ በሳምንት ማየት ይማራል፣ አንዱ በዓመትም አይማርም። ለምን? መልሱ ከፊሉ ሰውየው ገና ትምህርቱን ሳይጀምር ጭንቅላቱ ውስጥ ያለ ይመስለኛል አለ። ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ሲያርፍ ከአንጎሉ የሚነሳ አንድ ዝግ ያለ ሞገድ አለ፤ ከፍ የሚልለት አለ፣ ዝቅ የሚልበት አለ። «ከፍ የሚልለት ሰው አዲስ ነገር ማየት ቶሎ የሚማር ይመስለኛል። ልሳሳት እችላለሁ። እናንተን የጠራኋችሁም ለዚያ ነው።»

ወርቂቱ ሰማችው። ዘርይሁን ደግሞ ጎንበስ ብሎ ተረጎመላት። «ራሳችን ላይ ሽቦ አድርገው ዓይን ጨፍኑ፣ ጸጥ በሉ ይሉናል። ጨፍነሽ ዝም ብለሽ እንዳትቀመጪ፤ ጸልዪ። እኔ በቃሌ የያዝኩትን ምዕራፍ ሦስት ጊዜ እወጣዋለሁ። ከሰው ሁሉ መሐል አንድ ወንበር ነው ያለው፣ ገባሽ?»

ምንም አታስቡ መባሉን አልተረጎመላትም። የዘለለው በተንኮል አልነበረም። እነሱ ዘንድ ሰው ሲሰበሰብ «ዓይናችንን እንጨፍን» ከተባለ የሚቀጥለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዓይን ጨፍኖ ምንም አለማሰብ የሚባል ነገር ሰምቶም አያውቅ።

ሽቦውን የምታስረው ዋምቡዪ የምትባል የተቋሙ ቴክኒሻን ነበረች፤ ሳቂታ፣ እጀ ቀላል። ከወርቂቱ ጋር በስዋሂሊ ተግባቡ። ዋምቡዪ እንደ መዋኛ ኮፍያ ያለ ጨርቅ ራሷ ላይ አጠለቀችላት፣ በየቀዳዳው ቀዝቃዛ ቅባት ሞላች፣ የወንበሩን መደገፊያ ወደ ኋላ አስተኛችላት። «ዓይንሽን ጨፍኚ፣ ማማ። አምስት ደቂቃ። ምንም አታስቢ፣ ምንም አታድርጊ» ብላ በሩን ዘግታ ወጣች።

ወርቂቱ ልትጸልይ ነበር። «አባት ሆይ» ብላ ጀመረችም። ወንበሩ ግን ክንድ ማሳረፊያ ነበረው። ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ስትቀመጥ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ክፍሉ ውስጥ የማሽኑ እንቅስቃሴ እንደ ሩቅ ንብ ያጉረመርማል። የሚጠራት የለም። ማዳም የለችም፣ ዘርይሁን የለም፣ እሳት ላይ የተጣደ ነገር የለም። ለአምስት ደቂቃ ምንም እንዳታደርግ የታዘዘችበት ቀን በሕይወቷ አልነበረም። ጸሎቷ «አባት ሆይ» ላይ እንደቆመ ቀረ።

«ተኝተሽ ነበር?» አለች ዋምቡዪ ተመልሳ።

«አልተኛሁም።» እውነቷን ነበር።

ዋምቡዪ የማሽኑ ብዕሮች የሣሉትን ረጅም ወረቀት አንስታ አሳየቻት። መስመሩ እኩል እኩል፣ ክብ ክብ እያለ፣ የሞያተኛ ሴት ስፌት ጠርዝ መስሎ ይሄዳል። «እንዲህ ያለ ቆንጆ አይቼ አላውቅም» አለች። ወርቂቱ ጸሎቷን ባለማድረሷ አፍራ አንገቷን ደፋች።

ከእሷ በኋላ ዘርይሁን ገባ። ሲወጣ ግንባሩ አልቦታል፤ መንጋጋውን ያሻሻል። በበሩ ክፍተት ወርቂቱ ወረቀቱን ለአፍታ አየችው። ከዳር እስከ ዳር እሾህ አጥር ነበር።

ትምህርቱ እንዲህ ነው። ጨለም ያለ ክፍል ውስጥ እያንዳንዱ ሰው ኮምፒውተር ፊት ይቀመጣል። የደም ሥዕል ብልጭ ብሎ ይጠፋል፤ ዓይን አንዴ እስኪርገበገብ ያህል እንኳ አይቆይም። ቀዩ የደም ሕዋስ ውስጥ ወይን ጠጅ ቀለበት ካለ፣ ባለ አንድ ፈርጥ፣ ወባ ነው፤ በቀኝ ጣት ይጫኑታል። ከሌለ በግራ። ግን የቀለም ፍርፋሪም ቀለበት ይመስላል፣ አቧራም ፈርጥ ይመስላል። ከተሳሳቱ ማሽኑ ጡሩምባውን ይነፋል። ዓርብ ዓርብ ውጤቱ በር ላይ ይለጠፋል።

የመጀመሪያው ዓርብ፣ ዘርይሁን ሰባ አራት። ወርቂቱ ሃምሳ አንድ።

ማታቱ ውስጥ ሰው እስኪዞር ድረስ ሳቀባት። «ሃምሳ አንድ! ሳንቲም ብትወረውሪም ሃምሳ ታገኚ ነበር እኮ! አይዞሽ፣ ሳንቲሙን በአንድ በልጠሽዋል።»

በሁለተኛው ሳምንት እሱ ሰባ ሦስት፣ እሷ ሃምሳ ስድስት። በሦስተኛው እሱ ሰባ አምስት፣ እሷ ስድሳ አራት። በአራተኛው እሱ ሰባ አራት፣ እሷ ሰባ ሁለት። ያን ዓርብ በማታቱ አልሳቀም። መስኮቱን ይዞ የመንገዱን መብራት ሲቆጥር መጣ።

ዘርይሁን የለመደው ሌላ ነበር። ነቀምቴ ስላይዱ በእጁ፣ ጊዜው በእጁ ነበር፤ ያዞራል፣ ያጠራል፣ ይመለሳል፣ ለሚያየው ነገር ሁሉ ስም ይሰጣል። እዚህ ስሙን ከመጥራቱ በፊት ሥዕሉ ሄዷል። ወርቂቱ ስም አታውቅምና የምትጠራው አልነበራትም።

«ምንድነው የምታይው?» ይላታል ቤት ሲገቡ፣ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ።

«አላውቅም።»

«እንዴት አላውቅም? ቀለበቱን ነው? ፈርጡን ነው? የሕዋሱን ጠርዝ ነው ቀድመሽ የምታይው?»

«ሥዕሉ ይመጣል። ጣቴ ይሄዳል።»

«ጣትሽ ይሄዳል!» ብሎ እጁን አጨበጨበ። «ሰዎች፣ ስሙልኝ! እኔ አሥር ዓመት የተቃጠልኩበትን የእሷ ጣት ይሄዳል! ደበቅሽኝ አይደል? ያቺ ኪኩዩ ሴት በስዋሂሊ የነገረችሽ ነገር አለ።» ስዋሂሊ የገበያ ቋንቋ ነው ብሎ ንቆ ስላልተማረው፣ እሷና ዋምቡዪ በተነጋገሩ ቁጥር ይከነክነው ነበር።

አንድ ቀን ለቅማ የጨረሰችውን ምስር ከእጇ ወስዶ ትሪ ላይ ዘረገፈው። ድንጋይ ፈለገበት፣ አጣ። ደጅ ወጥቶ ምስር የሚያካክሉ ሦስት ጠጠሮች አመጣ፣ ጀርባውን ሰጥቷት ጨመረና አመሳቀለው። ከዚያ ትሪውን ለአፍታ ገልጦ በጋዜጣ ሸፈነው።

«የት የት ናቸው?»

ሦስቱንም ጋዜጣው ሳይወርድ አይታቸዋለች። ፊቱን አየችው። አንገቱ ላይ ያለው ሥር ተገትሯል። ሁለቱን አሳየችው።

«ሦስተኛውስ?»

«አላየሁትም።»

ሦስተኛውን ጠጠር በሁለት ጣቱ አንስቶ አፍንጫዋ ሥር ያዘላት። «ይሄውልሽ! ዓይን ማለት ይሄ ነው!» ያን ቀን ራቱን በደንብ በላ፣ አስጨምሮም በላ። ወርቂቱም ጥሩ አደረግሁ ብላ አሰበች። እስከዚያ ሳምንት ድረስ፣ ወንበሩ የእሱ ቢሆን ደስ የሚላት ሴት ነበረች።

በአምስተኛው ሳምንት ሰባ ስምንት አገኘች። ወሬው እሁድ ቤተ ክርስቲያን ቀድሟቸው ደረሰ። ጋሽ ሐብተማርያም የዘርይሁንን እጅ ጨብጠው፣ «እህ፣ ወንድም ዘርይሁን፣ ቤት ውስጥ ማይክሮስኮፑ ማነው አሁን?» ቢሉት በዙሪያቸው ያለው ሰው አውካካ። ዘርይሁንም ጥርሱን አሳየ። በዓይኑ ግን ወርቂቱን ፈለጋት።

በስድስተኛው ሳምንት መጨረሻ፣ ሞገዳቸው በግልጽ የተነበበላቸው ሰዎች በድጋሚ ሲለኩ፣ ዋምቡዪ ከወርቂቱ ፀጉር ላይ ቅባቱን በሞቀ ውሃ እያጠበች፣ የምርጫው ነገር እንዴት እንደሆነ አጫወተቻት። ፕሮፌሰሩ የዛሬን ውጤት ብቻ አያይም፤ ሰውየው ወደፊት የት ይደርሳል የሚለውን ከሞገዱ ጋር አድርጎ ነው የሚገምተው።

«የባልሽ ወረቀት ግን፣ ፖሌ፣ አዝናለሁ» አለች። «እሱን ወረቀት ማንበብም አይቻል። ጥርሱን የሚነክስ ሰው፣ በውስጡ ቃል እየደገመ ምላሱ የሚንቀሳቀስ ሰው እንዲህ ነው የሚያወጣው። የጡንቻው ጫጫታ ሁሉንም ይሸፍነዋል፤ ከሥሩ ሞገድ ይኑር አይኑር አይታይም። ምን እያሰብክ ነበር ብዬ ጠየቅሁት፣ ምንም አለኝ። እንዲያ ነበር ቢል እንደገና እንለካውና ሁለት ሳምንት ይጨመርለት ነበር። ምንም ካለ ግን፣ አንጎሉ ነው ማለት ነው።»

ወርቂቱ የሚንጠባጠበውን ፀጉሯን ይዛ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። በቃሌ የያዝኩትን ምዕራፍ ሦስት ጊዜ። የታሸው መንጋጋ። እሾህ አጥሩ።

ወደ ቤት የሄደችው እየቸኮለች ነበር። ልትነግረው ነው። ዓረፍተ ነገሩን እንኳ መንገድ ላይ አዘጋጀችው፦ ጸሎትህ ነው ያበላሸው፣ እንደገና እንዲለኩህ ጠይቅ። ስትገባ ዘርይሁን አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ ከፊቱ የላስቲኩ ጥቅል ተፈቷል፤ ማስረጃውን ያያል።

«ዘርይሁን፣ ያን ቀን ሽቦው ሲታሰርልህ...»

«ያን ቀን እኔ ጌታዬን ጠርቻለሁ» ብሎ አቋረጣት፣ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሳ። «ሦስት ጊዜ ወጣሁት፤ ጥርሴ እስኪንቀጠቀጥ። አንቺስ? ጸልየሻል?»

«አልጸለይኩም። ደክሞኝ ነበር...»

«አውቄዋለሁ!» ተነሳ። «አየሽ፣ እኔ ነገሩን አሁን ነው የደረስኩበት። ያ ፈረንጅ የሚለካው ዕውቀት አይደለም። ባዶ ዕቃ ሲመቱት ጥሩ ይጮሃል፤ የሞላውን ብትመቺው ድው ይላል። የአንቺ ሞገድ ያማረው ውስጡ ምንም ስለሌለ ነው።» ወደ እሷ ሁለት እርምጃ ቀረበ። ድምፁን አላነሳም፤ ሐኪም ውጤት እንደሚናገር ረጋ ብሎ ነገራት። «ዘጠኝ ዓመት ያለ ልጅ አብሬሽ ኖሬ እኔ ግማሹን ብቻ ነበር የማውቀው። አሁን ማሽኑ ጨረሰልኝ። ከታችም ከላይም ባዶ ነሽ።»

ወርቂቱ አፏን እንደከፈተች ቆመች። ያዘጋጀችው ዓረፍተ ነገር ምላሷ ላይ ነበር። ዋጠችው።

«ምን ልትዪ ነበር?» አላት።

«ምንም» አለች።

የመጨረሻው ዓርብ ደረሰ። እሷ ሰማንያ አራት፣ እሱ ሰባ አምስት። ፕሮፌሰሩ ሁለቱን አንድ ላይ ቢሮው አስጠራቸው። ዋምቡዪ የዘርይሁንን ወረቀት ጠቅልላ ይዛ ጥግ ቆማለች። ዘርይሁን ከራቫቱን ሁለት ጊዜ አስተካከለ።

«እርስዎ አሥር ዓመት ልምድ ያለዎት ሰው ነዎት» አለ ፕሮፌሰሩ። «በስህተት ላጣዎት አልፈልግም። በመጀመሪያው ቀን፣ ዓይንዎን ጨፍነው ሳለ፣ የሚያስቡት ወይም በውስጥዎ የሚሉት ነገር ነበር? ቢኖር ችግር የለም። እንደገና እንለካለን።»

ወርቂቱ ወለሉን እያየች እያንዳንዱን ቃል ሰማች። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶለታል። «እየጸለይኩ ነበር» ቢል በቃ። ዘርይሁን ግን የፈረንጁን ጺም አየ፣ መደርደሪያው ላይ የተደረደሩትን መጻሕፍት አየ፣ ነጭ ካፖርቱን አየ። እሁድ መድረክ ላይ ወጥቶ የሚመሰክረው ሰው፣ ሳይንስ ቢሮ ውስጥ ቆሞ እንደ ገጠር ሴት ሽቦ ታስሮልኝ ጸለይኩ ማለት አቃተው።

«ምንም» አለ። «እንደታዘዝኩት ምንም አላሰብኩም። እኔ የሙያ ሰው ነኝ፤ መመሪያ አከብራለሁ።»

ፕሮፌሰሩ ጺሙን እያሻሸ ወደ ዋምቡዪ ዞረ። «እስቲ ሚስቱን ጠይቂልኝ። ጥርሱን የመንከስ፣ ለብቻው የማውራት ልማድ አለው?»

ዋምቡዪ በስዋሂሊ ጠየቀቻት። ስትጠይቃትም ዓይኗ የወርቂቱን ዓይን ይዟል፤ ይኸው፣ ንገሪው እንጂ የምትል ትመስላለች። ዘርይሁን ምን እየተባለ እንደሆነ ስላልገባው አንዴ አንዷን አንዴ አንዷን ያያል። ወርቂቱ መልሱን ለማግኘት አላሰበችም። ሥዕሉ መጣ፣ ጣቷ ሄደ።

«ሃፓና፣ የለውም» አለች። «ባሌ ዝምተኛ ሰው ነው። ዓይኑን ሲጨፍን ውስጡ ምንም የለም። ባዶ ነው።»

ዋምቡዪ ለረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ ለፕሮፌሰሩ ተረጎመች፤ የመጨረሻውን ቃል ትታ። ፕሮፌሰሩ ራሱን ነቀነቀና ወረቀቱ ላይ አንድ መስመር ጻፈ።

«ምን አለችሽ?» አለ ዘርይሁን በአማርኛ፣ በሹክሹክታ።

«ጤንነትህን ጠየቀችኝ።»

«ምን አልሻት?»

«ደህና ነው አልኳት።»

ዘርይሁን ተሸኘ። ወርቂቱን ግን ለመጨረሻ ጊዜ ሊለኳት ያን ወንበር ላይ አስተኟት። ወንበሩ ያው ነው፣ የንቡ ድምፅም ያው ነው። ዓይኗን ጨፈነች። ወዲያው ወይን ጠጅ ቀለበቶች መጡ፣ ባለ አንድ ፈርጥ፣ አንዱ ሲጠፋ አንዱ እየተተካ። ከቀለበቶቹ ኋላ ደግሞ የዘርይሁን ጀርባ፣ በሩን ከፍቶ ሲወጣ። አምስቱ ደቂቃ አላልቅ አለ።

ዋምቡዪ ወረቀቱን ስታነሳ አልሳቀችም። የስፌቱ ጠርዝ ተተርትሯል፤ ቀጭን፣ የተቆራረጠ ክር ነበር። «አነሰ» አለች። «የምታስቢው ነገር ነበር?»

«ምንም» አለች ወርቂቱ።

ፕሮፌሰሩ አይቶት ግድ የለም አለ። አንዴ የተማሩት ማየት ከዚያ በኋላ አይጠፋም፤ ሞገዱ ሥራውን ሠርቷል። ከሰኞ ጀምራ እንድትገባ፣ ለፈቃዱም ሁለት ፎቶግራፍ እንድታመጣ ነገራት።

የሩንዳው ሥራ ሰው ይፈልግ ነበር። ማዳም የምታምነውን ሰው እንድታመጣላት ወርቂቱን ለመነቻት። ዘርይሁን መጀመሪያ አሻፈረኝ አለ፤ ቅዳሜን ሙሉ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኛ። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ «እንኳን ደስ ያላችሁ!» እያለ እጁን ሲጨብጠው ዋለ። ማምሻውን «ለጊዜው ነው» አላት። «ለጊዜው ነው» አለችው።

ሰኞ ጠዋት ይዛው ሄደች። ማዳም በሩ ላይ ወጣች፤ ከራቫት ያሠረውን ሰው ከላይ እስከ ታች አየችውና ወደ ወርቂቱ ዞራ በእንግሊዝኛ ጠየቀቻት። እንደ ወትሮዋ ቀስ ብላ፣ ቃላቱን እየቆራረጠች።

«ባልሽ። ምን፣ ይችላል?»

ዘርይሁን ሊመልስ አፉን ከፈተ። ወርቂቱ ቀደመችው። ያለ ችግር፣ ያለ ስህተት፣ ከሦስት ዓመት በፊት ጆሮዋ ውስጥ በቀረው ድምፅ ከነቅላጼው።

«ቀስ ብሎ ነው የሚማረው፣ ማዳም። አንዱን ነገር ደጋግመሽ ማሳየት አለብሽ።»

ማዳም በመጀመሪያ ደነገጠች፣ ከዚያ ሳቀች። ረስታዋለች። ዘርይሁን አልረሳም። ያን በር፣ ያን ቀን፣ አጠገቡ ቆማ አብራ ስትስቅ የነበረችውን ሴት ሲያስታውስ ወርቂቱ ቆማ አየችው። ማዳም እየሳቀች ታየው ነበር። ስለዚህ እሱም ሳቀ።

ወርቂቱ የወለል መወልወያውን ጨርቅ ከሚንጠለጠልበት አንስታ ሰጠችው። ባልዲው የት እንዳለ አሳየችው። ደግማ አሳየችው።

ዌስትላንድስ የሚሄደው ማታቱ ውስጥ መስኮት ያለበት ቦታ አገኘች። መንገዱ ተዘጋግቷል፣ መድረሻው ገና ነው፤ ትንሽ ልረፍ ብላ ዓይኗን ጨፈነች። ቀለበቶቹ መጡ። ጣቶቿ ቦርሳዋ ላይ ይንቀሳቀሱ ጀመር። ቀኝ። ግራ። ቀኝ። ቀኝ።